ብርሃን የማያሳልፈው ስቲከር

በኤርትራ ነጻነት ማግሥት፣ የወሎዋ ኒዕማ አስመራ ሓዝሓዝ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት ነበርና የመስኮት ስቲከር ልታሠራ ክሳነት ዘንድ ሄደች። ክሳነት ከሜዳ የተመለሰች ታጋይ ናት፤ አሁን የምትተዳደረው በማስታወቂያ ሥራ ነው። ኒዕማ ከውጭ የሱቋ ስም፣ ከውስጥ ደግሞ «በጤና ልበሱት» የሚል ምርቃት እንዲነበብ ፈልጋ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ፕላስቲክ አነሣች።

«ማሻአላህ! ይሄ ይሁንልኝ።»

«ኣይፋል፣ አይሆንም» አለች ክሳነት። «ማማሩንስ ያምራል፤ ግን ፀሐይ ስታርፍበት የሁለቱ ወገን ጽሑፍ ይደባለቅብሻል። ነይ ላሳይሽ።»

መስኮቱን ዘግታ መብራቱን አጠፋችና ከነጩ ፕላስቲክ ጀርባ የእጅ ባትሪ አበራች። ክፍሉ ወገግ አለ። ወፈር ያለውን ሞከረች፤ እሱም ብርሃኑን አሳለፈ። በመጨረሻ ጀርባው ግራጫ የሆነውን ስትጋርድበት ኒዕማ የገዛ እጇን ማየት ተሳናት።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለቻት በጨለማው ውስጥ።

«ሜዳ ነዋ። ሐኪሞቹ ቁስለኛ ሲያክሙ፣ አውሮፕላን እንዳያየን ጭላንጭሉን ሁሉ የምደፍነው እኔ ነበርኩ።»

ኒዕማ ያቺን ቀጭን ሴት፣ ከደጅ የሞት ድምፅ እያንዣበበ በድንኳን ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ስትጠቀጥቅ በዓይነ ኅሊናዋ አየቻት።

ሱቁ የተከፈተ ዕለት የጠዋት ፀሐይ መስታወቱን ሞላችው፤ ስሙም ምርቃቱም ጥርት ብለው ተነበቡ። ደንበኞች «ማን ሠራልሽ?» ሲሏት፣ ኒዕማ መቀሷን አስቀምጣ ስለ ክሳነት ማውራት ትጀምራለች፤ ከጀመረች ደግሞ ቶሎ አታበቃም።