የአማትየው ክኒን

በያጁ ከመሰላል ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ የክሊኒኩ ሐኪም ያዘዘችለትን የሕመም ማስታገሻ ይውጥ ነበር። አብረውት የሚኖሩት አማቱ ደግሞ ሲያቃስት ሲሰሙ አንጀታቸው አይችልም። ለጉልበታቸው የገዙትን ፓራሲታሞል እያመጡ፣ "እንካ ልጄ፣ ይቺ ምን ትላለች" እያሉ ይደርቡለታል።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ፋርማሲ ሄደ። ባለሙያዋ ያለ አዲስ ማዘዣ እንደማትሰጠው ነገረችው።

"ሱሰኛ መሰልኩሽ እንዴ?" አለ በንዴት።

"ኧረ በፍጹም! ሱስ ሊያሲዝ የሚችል ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ ስላለበት ለማንም ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ለመሆኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

ስለ አማቱ ክኒን ሲነግራት ደነገጠች።

"የእርስዎም መድኃኒት እኮ ከኮዴይኑ ጋር ፓራሲታሞል አለበት። ሁለቱ ሲደራረቡ ከመጠን ያልፍና ጉበት ይጎዳል። አሁኑኑ ሐኪምዎ ጋ ሄደው ይመርመሩ።"

ቤት ደውሎ ሲናገር አማቱ በሩን እንኳን ሳይቆልፉ እየሮጡ ክሊኒክ ደረሱ። የደም ምርመራው ውጤት እስኪደርስ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጠው ደህናውን እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ወጣች። "ጉበትዎ ደህና ነው። ከእንግዲህ ግን እኔን ሳይጠይቁ አንድም ፍሬ እንዳይጨምሩ።"

"እሰይ!" አሉ አማትየው እንባቸውን እየጠረጉ። "አማቱ በክኒን ጨረሰችው ሊባልልኝ ነበር እኮ!"

በያጁም እፎይ ብሎ ዓይኑን ወደ አማቱ እግር ጣል ሲያደርግ ሳቁ አመለጠው።

"እማማ፣ አንደኛው ጫማ እኮ የኔ ነው!"

ሳቁ ትከሻውን ቢያመውም ማቆም አልቻለም።