ድምፅ አልባው ወሬ

በእኛ መንደር ሴቶች የሚያወሩት ድምፅ ሳያወጡ ነበር። እናቴ ኔሊ ከእኛ በራፍ፣ እትዬ ኤዲት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ከራሷ በራፍ ቆመው፣ በመሀላቸው ከሰል የጫነ ጋሪ እየተንገጫገጨ ቢያልፍ እንኳ ጨዋታቸው አይቋረጥም። አፋቸውን በሰፊው እየከፈቱ፣ ከንፈራቸውን እየጎተቱ፣ በእጃቸው እያገዙ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ያነሱታል። ሁለቱም ሸማኔዎች ነበሩ። አራት መቶ የሽመና ማሽን ባንዴ ሲንኳኳ ጆሮ ውስጥ ገብተው ቢጮሁ አይሰማም፤ ስለዚህ የእንግሊዟ ሳልፎርድ ከተማ የጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ከአያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ በከንፈር ማውራት ለምደዋል። ከሥራ ሲወጡም አይተዉትም። ባል እንዳይሰማ፣ ልጅ እንዳይሰማ ሲፈልጉ ጥሩ ነገር ነው።

እኔ አልወደውም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ያሉ የቢሮ ሠራተኛ ልጆች ደግሞ «ቤሪል፣ እናትሽ እንደ ዓሣ ነው የምታወራው» ይሉኛል። እናቴ መንገድ ላይ አፏን መክፈት ስትጀምር እኔ ጫማዬን ማየት እጀምራለሁ።

ከዚህ ሌላ ግን የማማርርበት ነገር አልነበረኝም። ሰኞ ሰኞ የታጠበው አንሶላ ከቤት ቤት ተሰቅሎ መንገዱን ሲሞላው በሥሩ እንሯሯጣለን፤ እስኪደርቅ ድረስ የፋብሪካው ጥላሸት ስለሚያርፍበት ሴቶቹ ሰማዩን ቀና ብለው ይራገማሉ። ዓርብ ዓርብ እናቴ ተንበርክካ የበራፋችንን ደረጃ በድንጋይ ፈትጋ ታነጣዋለች፤ እስኪደርቅ የረገጠ ወዮለት። ቦምብ ያፈረሳቸው ስድስት ቤቶች የነበሩበት ቦታ ሐምራዊ አበባ በቅሎበት የእኛ ሜዳ ሆኖ ነበር። ቤት የምንሠራው፣ ሱቅ የምንከፍተው፣ የምንጋባው እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ፋብሪካው በር የራጅ መኪና መጣ። ሠራተኞቹ በተራ እየገቡ ደረታቸውን ተነሱ። የእናቴ ደረት ላይ ጥላ አዩ። እሷ ሳሉን ከጥጡ ብናኝ ነው ስትል ነበር የከረመችው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና በሳምንቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዷት። ምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ የነገረን የለም።

ሆስፒታሉ ደግሞ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አያስገባም።

የመጀመሪያው እሑድ አባቴ ሃሮልድ ሁለት አውቶቡስ አሳፍሮ ወሰደኝና በሩ ላይ ካለው አግዳሚ አስቀምጦኝ ገባ። አባቴ የጋዝ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ከሰል የሚጨምር፣ ደግና ዝምተኛ ሰው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ወጣ።

«ምን አለችህ?»

«ደህና ናት።»

«ሌላስ?»

ትንሽ አሰበ። «ሻዩ ቀጭን ነው አለች።»

የአንድ ሰዓቱ ወሬ ይኸው ነበር። ቤት እስክንደርስ አለቀስኩ። እሱም ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ የአውቶቡስ ቲኬቱን እያጣጠፈ መስኮት መስኮቱን አየ።

በማግስቱ እትዬ ኤዲት ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት።

«አልጋዋ የት ጋ ነው?»

«መስኮቱ ሥር። ሁለተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል። ንጹሕ አየር ያስፈልጋቸዋል ብለው በብርድም አይዘጉትም፤ በሩ ላይ አንዲት ነርስ ነገረችኝ። ግን ሳንባዋ እንዲያርፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዳትናገር ተከልክላለች።»

እትዬ ኤዲት ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እና ችግሩ ምንድን ነው? እሷ አፍ አላት፣ አንቺ ዓይን አለሽ። ነይ ወዲህ ዙሪልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮዋን እስኪንቀጠቀጥ ከፍ አድርጋ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ከባድ ነበር። «ብ» እና «ም» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ይዞ መገመት ነው። ስሳሳት በጭልፋ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። «ከንፈሬን ብቻ ምን ታያለሽ? ጉንጬን እይ፣ ዓይኔን እይ። ሰው የሚናገረው በፊቱ ሁሉ ነው።»

በሦስተኛው እሑድ የአውቶቡሱ ሰዓት ስለማይገጥም ግማሽ ሰዓት ቀድመን ደረስን። አባቴ በሩ ላይ ፒፓውን ሲያጨስ እኔ ዞሬ ወደ ጓሮው ሄድኩ። እናቴ ሹራብ ደርባ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ እጇን አነሳች። እኔ ግን እጄን አላነሳሁም። አፌን በሰፊው ከፍቼ «እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አልኳት፣ ያለ ድምፅ።

ከትራሱ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ይበላል?» አለች። «ይተኛል?»

ስለ ድመታችን መሰለኝ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት አይጥ በላ» አልኳት። «ቀን ቀን ያንቺ ወንበር ላይ ነው የሚተኛው። እትዬ ኤዲት ቁንጫ አለበት ብላለች።»

እናቴ ከመስኮቱ ጠፋች። ስትመለስ እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ ከጎኗ ሦስት ሴቶች ብቅ ብለው ሹራባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ። «አባትሽን ነው የጠየቅኩሽ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እሑድን በናፍቆት መጠበቅ ጀመርኩ። እነዚያም ሴቶች ሸማኔዎች ስለነበሩ መልእክት ይልኩብኝ ጀመር፤ አንዷ ለእህቷ፣ አንዷ ለእጮኛዋ። አንድ ቀን ዋናዋ ሲስተር ነጭ ቆቧን እንዳጠለቀች ወጥታ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ልጆች መግባት ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«አልገባሁም፣ ሲስተር። ውጭ ነኝ።»

ወደ መስኮቱ ቀና ብላ አየች፤ አራቱም ሴቶች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «እንግዲያው አበባዬን አትርገጪ» አለችና ገባች።

የካቲት ላይ እናቴ «የሚመጣው እሑድ ኤዲትን ይዘሻት ነይ» አለችኝ። ምክንያቱን አልነገረችኝም። በረዶ ጥሎ ነበር። አባቴን በሩ ላይ ትተነው ከእትዬ ኤዲት ጋር ወደ ጓሮው ዞርን፣ ሁለቱም ወዲያው ማውራት ጀመሩ። ለእኔ እንደሚያወሩት አይደለም፤ በፋብሪካው ፍጥነት ነው። እዚያ መኖሬን የረሱ መሰለኝ።

«ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ያደርጉኛል» አለች እናቴ። «ሃሮልድ ቀላል ነገር መስሎታል።»

«ቀላል አይደለም እንዴ?»

«የታመመው ሳንባ ተኝቶ እንዲያርፍ ብለው ስድስት የጎድን አጥንት ነው የሚያወጡት። ባለፈው ወር ከእኔ ሁለት አልጋ አልፋ የነበረችው አልተመለሰችም።»

እትዬ ኤዲት ሻርፗን አጥብቃ አሰረች።

«እኔ ካልተመለስኩ ቤሪልን ውሰጃት። ሃሮልድ ብቻውን አይሆንለትም፤ ለእህቱ ይሰጣታል። እዚያ ቤት ደግሞ የሚስቅ ሰው የለም።»

«ሂጂ ወዲያ። ልጅሽ ስትበላ አይተሻት ታውቂያለሽ? ስኳር በካርድ በሚሰጥበት ዘመን ልታራቁቺኝ ነው? ራስሽ ወጥተሽ ቀልቢያት።»

«ኤዲት።»

«እሺ» አለች እትዬ ኤዲት። «እሺ፣ ኔሊ። ከእኔ ልጆች ለይቼ አላያትም።»

እግሬ በረዶው ውስጥ ደንዝዞ ነበር። ወደፊት ራመድ ብዬ ለእናቴ «አየሁ» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። መልሳ አውርዳ፣ «የቱን ያህል?» አለች።

«ሁሉንም። ትሞቻለሽ?»

ሌላ እናት ብትሆን ትዋሽ ነበር ይሆናል። የእኔ እናት ዓይኔን እያየች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እንዳይምታታብኝ አድርጋ፣ «አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ላለመሞት ግን አስቤያለሁ። አሁን አባትሽን ላኪልኝ፤ እሱም ከእኔ መስማት አለበት።»

አባቴ ሲወጣ ፊቱ የምድጃ አመድ መስሎ ነበር። «ነገረችኝ» አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። በመንገድ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር፤ በሁለቱም አውቶቡስ ውስጥ አልለቀቀኝም።

ማክሰኞ እሱ ሥራ ገባ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከቤት ተቀምጦ መጠበቅ ለሁለታችንም የሚቻል አልነበረም። እትዬ ኤዲት ፋብሪካውን አስፈቅዳ ጥግ ላይ ካለው የስልክ ሳጥን ስትደውል ዋለች። ከሰዓት በኋላ እረፍት ላይ፣ ሁለት መቶ ልጆች ሲጮሁ፣ ከትምህርት ቤቱ የብረት አጥር ማዶ አየኋት። ፀጉሯን የሸፈነችበት ሻርፕ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ሮጣ ነው የመጣችው።

«ነቅታለች» አለችኝ በከንፈሯ። «ሻይ ጠየቀች።»

«ቀጭን ነው አለች?» አልኳት እኔም፣ አፌን እስከሚችለው ድረስ ከፍቼ። የቢሮ ሠራተኛ ልጆች ቆመው ያዩኛል። ይዩኝ። እትዬ ኤዲት አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ግንባሯን አስደገፈችበት፣ ደወሉ እስኪደወልም አልሄደችም።

እናቴ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ኮት ስትለብስ ከውስጥ በተሰፋ ጥጥ ታስተካክለው ነበር። ሐኪሙ ከጥጥ ብናኝ ጋር ዳግም እንዳትገናኝ ስላለ ከሽመና ወጥታ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ ማግ የምታስተላልፍበትን መወርወሪያዋን ግን ለማንም አልሰጠችም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች።

የተመለሰችበት ቀን ቅዳሜ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ከየበራፋቸው ወጥተው ቆመዋል። አባቴ ክንዷን ይዞ፣ እኔ ሻንጣዋን ይዤ ገባን። ምን ትበያለሽ ስንላት የዓሣና የድንች ጥብስ፣ ኮምጣጤ የበዛበት አለች። ሮጬ ገዛሁ። ሰሐን አልፈልግም ብላ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ በጣቷ በላች፤ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉንም ነገር በሹካ መብላት እንደሰለቻት ነገረችን። ስለ ሲስተሯ አወራችን፣ ስለ አበባዎቿም። ድምፅዋን ከሰማሁ ስምንት ወር አልፎኝ ነበርና ከማስታውሰው ይልቅ ወፈር ያለ መሰለኝ። እያወራች በመሀል እንቅልፍ ወሰዳት። አባቴ ተንበርክኮ ጫማዋን ፈታ። እኔ ከጋዜጣው ላይ የተረፉትን ድንቾች በላሁ።