ከሚኒሞ በላይ

«ሽቦውን አልነካም ብለሻል። ትናንት፣ እዚሁ ቆመሽ።»

«አልነካሁም ነው ያልኩት አባዬ። አልነካም አላልኩም።»

አባትየው የትራክተሩን በር ይዞ ቆሟል። ሴት ልጁ መቀመጫው ላይ ናት፤ ፒንሳው ጭኗ ላይ ነው። የእጅ ነዳጅ መስጫው ከሚኒሞ፣ ከሞተሩ ዝቅተኛ ዙር፣ እምብዛም እንዳያልፍ በሽቦ የጠፈረው እሱ ነው። የጠጠር ግቢውም ትራክተሩም የእሱ ናቸው፤ የጮኸ ሞተር ዕድሜው ያጥራል ባይ ነው።

«ሞተሩ ሲለግም ባልዲውንና መሪውን የሚገፋው የዘይት ፓምፕም ይለግማል» አለች። «የፊቱን የጠጠር ባልዲ እያነሳሁ ልጠምዝዝ ስል መሪው ድንጋይ ይሆንብኛል። የግቢውን ምሰሶ የገጨሁት ተኝቼ አይደለም።»

«ምሰሶው ነዋ ጥፋተኛው።»

«ምን ያድርግ፣ ቆሞ ተገኘ» አለ ታናሽ ወንድሟ። አዲስ ቱታ ለብሶ የጠጠር ክምሩ ጥግ ተቀምጧል። ምሰሶው ሲገጭ አባቱ ያስጠራው እሱን ነው፤ ዛሬ መቀመጫውን ሊረከብ።

«አንተ ዝም በል። ታክሲ ስትነዳ የሰበርከውን መስታወት እንዳላስቆጥርህ» አለችው።

«ከቆረጥሽው ትወርጃለሽ» አለ አባትየው።

«ወገብህ እምቢ ሲልህ፣ ሰው ሲጠፋ ነው እዚህ የወጣሁት። ውረጂ ካልክ እወርዳለሁ። ታስሬ ግን አልሠራም።»

ቆረጠችው።

በንዴቷ ነዳጁን እስከ ጥግ ገፋችው። ሞተሩ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ክምሩን ወግታ ባልዲውን ሞላችና ማንሻውን ገና ነካ ስታደርገው ባልዲው ዘለለ፤ የፊት ጎማዎቹ ተንገጫገጩ፣ ግማሹ ጠጠር ኮፈኑ ላይ ፈሰሰ።

«ዝናብ አለ ብትሉኝ ጃንጥላ እይዝ ነበር» አለ ወንድሟ።

አባትየው አልሳቀም። «ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

ጆሮዋ ግሏል። ነዳጁን ወደ ሚኒሞ መለሰችና በጣቷ ጥቂት ጥቂት እየገፋች አዳመጠች። መሐል ግድም ሲደርስ ባልዲው ሳይንገጫገጭ ተነሳ። በአንደኛ ማርሽ፣ ባልዲውን ዝቅ አድርጋ ተጓዘች፤ ከፍ ያደረገችው ጠጠሩ የሚጫንበት ተሳቢ ጋ ስትደርስ ብቻ ነው። ጠጠሩ የተሳቢውን ጠርዝ ሳይነካ ገባ። በሁለተኛው ምልልስ ምሰሶው አጠገብ ሆን ብላ ባልዲውን ትንሽ እያነሳች መሪውን በአንድ እጇ አዞረችው። ዞረላት።

አባትየው መወጣጫው ላይ ወጥቶ አውራ ጣቱን ነዳጅ መስጫው ጎን ላይ ጫነ። «እዚህ ጋ ምልክት እጭራለሁ። ከዚህ አታልፊም።»

«ጫር። ሽቦ ግን የለም።»

«ዝቅ ማለት ሲያስፈልግስ?»

«ስስ ሥራ ሲመጣ እኔው እቀንሳለሁ።»

«ማን ያምንሻል?»

«አትመነኝ። ቁምና ስማ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ሥራ ካለህ ሂድ። ጣትህን ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ ብሏል።»

«አላለም።»

«ብሏል እኮ።»

ወንድሟ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ፤ ቱታውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና በበሩ ወጣ። አባትየው ምልክቱን የሚጭርበት ሚስማር ኪሱ ውስጥ እየፈለገ ነበር።