የሰናይት ምሳ ዕቃ

በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሞቅበት ቦታ ያለው ሰው ባለ ርስት ነው። በክር ማቅለሚያው ፋብሪካ ርስቱ የወገኔ ነበር። ወገኔ የአንኮበር ልጅ፣ የቦይለር ኦፕሬተር ነው፤ ሥራው እሳቱን፣ ውሃውንና እንፋሎቱን ሲጠብቅ መዋል ነው። የግፊቱን ጌጅ ያያል፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሳየውን መስታወት ያያል፤ ጠዋት ጠዋት ከሥር የዘቀጠውን ቆሻሻ ያስወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ጌጁን ያያል። ከእኔ ዓይን የምታመልጥ ነገር የለችም ብሎ ያምናል። እኛም ለጊዜው እንመነው።

በቦይለር ክፍሉ በር ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ያንን አንብቦ የተመለሰ ሰው ግን የለም። ገሚሱ ምሳውን የእንፋሎቱ ቧንቧ ላይ ሊያሞቅ፣ ገሚሱ እርጥብ ካልሲውን ሊያደርቅ ይገባል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ እማዋይሽማ ወገባቸውን ካልሞቁ መጥረጊያ አይጨብጡም።

ወገኔ ሁሉንም ማባረር ይችል ነበር። የማያባርርበት ምክንያት ሰናይት ናት። ሰናይት የመዘዞ ልጅ ስትሆን ክር መጠቅለያው ክፍል ትሠራለች። ረፋድ ላይ ምሳ ዕቃዋን አምጥታ ቧንቧው ላይ ታስቀምጣለች፤ ከምሳ በኋላ ልትወስድ ትመለሳለች። ስለዚህ በቀን ሁለቴ ያያታል። ሌላውን ከልክሎ እሷን ቢያስገባ የሰው አፍ አያስቀምጠውም፤ እሷንም ቢከለክል የምትመጣበት ምክንያት አይኖራትም። ይሁንና፣ ወዲህ አድርጊው፣ እዚህ ጋ የበለጠ ይሞቃል ከማለት ያለፈ ነገር ነግሯት አያውቅም። ቧንቧ እያሳየ ሚስት የሚፈልግ ወንድ በዕድሜዬ አላየሁም እያሉ እትዬ እማዋይሽ ይስቁበታል።

አንድ ቀን የጥበቃው ጋሽ ገብረአማኑኤል ሌሊቱን ውርጭ ያረጠበውን ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። ቧንቧው በምሳ ዕቃ ተይዟል። እሳቸው ሆዬ ወዲያ ወዲህ ብለው አንድ ባዶ ቦታ አገኙና ሰቀሉት። ባዶ የመሰላቸው ቦታ የውሃው መስታወት ነበር። ወገኔ በዚያ ሰዓት ሰናይት ምሳ ዕቃዋን ስታስቀምጥ እያየ ነበር፤ ከዚያም ስትወጣ አየ፤ ከዚያም የወጣችበትን በር አየ። ወደ ልቡ ተመልሶ ጋቢውን ቢገልጥ፣ ለካ ለቦይለሩ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ቆሟል፤ ውሃው ከመስታወቱ ግርጌ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል።

እጁን ወደ ውሃው መክፈቻ ከሰደደ በኋላ መልሶ ሰበሰበው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ቦይለሩን ከነጣሪያው ማፈንዳት ነው። እሳቱን አጠፋና ሰዉን ሁሉ ከክፍሉ አስወጣ። ፋብሪካው በእንፋሎት እጦት ሥራ ፈቶ ዋለ፤ ቦይለሩ ግን ተረፈ። ወገኔ ጋቢውን አጣጥፎ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሱ በር ሲያይ ሰው ሊያልቅ ነበር፤ ፈራ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን አፈረ።

በማግሥቱ በሩን ቆለፈው። ምሳ ዕቃውንም፣ ካልሲውንም፣ የእትዬ እማዋይሽን ወገብም መለሰ። ሰናይት ረፋድ ላይ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንደማይገባ ነገራት።

«እኔም?»

«አንቺም።»

ወደ ክር መጠቅለያው ተመለሰች። ወገኔ ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ዞር ሲል፣ በትናንቱ ግርግር የረሳችው ምሳ ዕቃ ቧንቧው ላይ ተቀምጧል። ሊመልስላት ቢያነሳው ከውስጡ ተንሿሿ። ወጥ ደግሞ አይንሿሿም። ከፍቶ አየ፤ ቆሎ ነው። የደረቀ፣ በደንብ የተቆላ ቆሎ።

እትዬ እማዋይሽን ጠርቶ ጠየቃቸው። ሰናይት ምሳዋን የምትበላው ሁልጊዜም የፋብሪካው ክበብ ውስጥ እንደሆነ፣ ይህንንም ከእሱ በቀር የማያውቅ እንደሌለ ነገሩት።

በምሳ ሰዓት ቦይለሩን ለተረኛው ለተሾመ አስረከበ፤ መስታወቱን እንዲያይ ሦስቴ ነገረው፤ ተሾመም ሰለቸው። ከዚያ ምሳ ዕቃዋን ይዞ ወጣ። ሰናይት ከክበቡ ወጥታ ከግንቡ ሥር፣ ነፋሱ በሚያፏጭበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቆሎ ነው» አላት።

«ገብስና ሽምብራ» አለችው።

ታዲያ ለምን ታሞቂዋለሽ ብሎ ከልቡ ጠየቃት። እሷም ትክ ብላ አየችው።

«መስታወቱ ላይ ጋቢ የሰቀሉት ጋሽ ገብረአማኑኤል ናቸው» አለች። «አንተ ዓይን ላይስ ማን ሰቀለው?»

ወገኔ ፊቱ ጋለ። ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት እዚሁ እንደሚመጣ፣ በሩ ግን ለማንም እንደማይከፈት ነገራት። በሩን ማን ጠየቀህ አለችው።

ቦይለር ያሳደገው ሰው ነፋስ አይችልም፤ የአንኮበሩ ልጅ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ጋሽ ገብረአማኑኤል ከዋናው በር ሆነው ይህን አይተው ያንኑ ጋቢ አመጡለት። ወገኔ ተቀብሎ ሰናይት ትከሻ ላይ ጣል አደረገው። እሷ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ዘረጋችለት፤ ዛሬ አልሞቀም አለችው። እሳት ካየው ምን ለየው ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ አንድ እፍኝ ዘገነ።