የኮክ ዛፍ ሙቀት

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተገኘበት፣ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ስለጨረሱ ሲናገሩም ለክተው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት በእንጨት ይሞቃል!»

ቤተሰቡ በሙሉ ማለት ሚስቴ፣ የአማቴ ታላቅ እህት እትዬ እና እኔ ነን። እትዬ አጨበጨቡ። በኋላ ስጠይቃቸው ግን እጃቸው በርዷቸው ኖሯል።

የመብራት ሂሳቡ አንገታችንን አንቆን ስለነበር የተቃወመ የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎቹ ዕቃ ቤት ገቡ፤ ቁልፉ አማቴ ኪስ ገባ። አሮጌ የብረት ምድጃ ተገዝቶ ሳሎን ቆመ፣ የጭስ ማውጫውም በመስኮት ወጣ። የቀረው እንጨት ብቻ ነበር። እንጨት ደግሞ ለካ ከመብራት የማይተናነስ ዋጋ አለው። አማቴ ይህን የሰሙ ዕለት ግቢውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

ግቢው ውስጥ አንዲት የኮክ ዛፍ ነበረች። የሚስቴ ሟች እናት በሙሽርነታቸው የተከሏት ናት።

«አርጅታለች» አሉ አማቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ፍሬዋም ትል ብቻ ነው።»

የመጋዙ ድምፅ ሲጀምር ሚስቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን እስከመጨረሻው ከፈተችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እርጥብ እንጨት እኮ አይነድም» አሉ እትዬ።

«አንቺ ደግሞ፣ መቼ እሳት አንድደሽ ታውቂያለሽ?»

ነደደ ቢባል ውሸት ነው። እንጨቱ ጫፍ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሲንጫጫ ያመሻል። ጭሱ ሳሎኑን ሞልቶ ሁላችንም እንባችንን እንጠርጋለን።

«ሞቅ አለ አይደል?» ይላሉ አማቴ።

«ኧረ በላብ ተጠመቅን!» ይላሉ እትዬ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው።

«ደስ ይላል፣ አባዬ» ትላለች ሚስቴ።

ሌላ ምን ትበል? ምድጃው ካልሞቀ ዛፏ በከንቱ ተቆረጠች ማለት ነው። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ሲያልፉ ወደ ጉቶው ላለማየት አንገታቸውን ሲያዞሩ አይታለች። ስለዚህ ሁላችንም ሞቀን።

ታዲያ እራት እንደተበላ ማዛጋት ሆነ የቤቱ ደንብ። እትዬን ራሳቸውን ያማቸዋል። እኔና ሚስቴ የማይታመን እንቅልፍ ይጥለናል። አልጋችን ሥር፣ ከሻንጣው ጀርባ፣ በድብቅ የገዛናት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረችን። በዚህ ቤት ሌቦቹ እኛ ብቻ መስሎን እናፍር ነበር።

ብርዱ የከፋ ዕለት ሁሉም ገና በጊዜ ደከመው። አማቴም «እሳቱን አዳፍኜ ልጋደም» አሉ። የየክፍላችን በር ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ኮሪደሩ ላይ ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ፤ ቤቱ ጨለመ።

ሦስቱም በሮች ተከፈቱ። መብራት ቢጠፋም የማሞቂያ ሽቦ ወዲያው አይጠፋም። ከእኛ አልጋ ሥር ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ከእትዬ ቁምሳጥን ጀርባም እንዲሁ።

«ማነው ይሄን...» ብለው ጀመሩ አማቴ፤ አልጨረሱትም። ከኋላቸው፣ በገዛ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከዕቃ ቤት የወጣው ትልቁ ማሞቂያ ባዶ ተረከዛቸውን አቅልቶት ነበር።



«ምድጃው እንደማያሞቅ ታውቂ ነበር?» አሉ አማቴ ልጃቸውን፣ ቀስ ብለው።

«ከመጀመሪያው ቀን፣ አባዬ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«ዛፏ ተቆርጣ ነበራ።»

ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ፤ የአማቴ መጨረሻ ላይ። ብሬከሩ በእጃችን ርቀት ነበር። ማንም አላነሳውም።