የታጠበው ጠርሙስ

ጠርሙሱ ታጥቦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ዶክተር ታርፕ ከሟቹ አስቀድሞ ያየው እሱን ነበር።

«ይዩልኝ እስቲ፣» አለ የሟቹ ወንድም ሲላስ በሹክሹክታ። «ወንድሜ ገና ሳይቀዘቅዝ እሜቴ ሚስቱ ዕቃ ታጥባለች!»

ዶክተሩ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ የሟቹን የሩበንን የዓይን ቆብ ገለጠ። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። እንዲህ የሚያደርገው ኦፒየም ነው።

ከትናንት በስቲያ ኦፒየም ያለበትን የሳል መድኃኒት ቀላቅሎ የሰጠው ራሱ ነው። ነገር ግን ያ መጠን የረግረጉን አገር ሰው አይገድልም። እዚህ ንዳድና ቁርጥማት ክረምት ከበጋ አይለቅም፤ ሴቶቹ ከጓሯቸው ኦፒየም የሚወጣበትን የፖፒ አበባ ፍሬ እየቀቀሉ ያጠጣሉ፣ ወንዶቹ የኦፒየም እንክብል በቢራ ይወስዳሉ። የለንደንን የቢሮ ጸሐፊ ለዘላለም የሚያስተኛውን ያህል ጠጥተው ቦይ ሊቆፍሩ ይወጣሉ። ታርፕ በወጣትነቱ መጥቶ እንደ መጽሐፉ በጠብታ ሲሰፍርላቸው፣ አንዲት አሮጊት «ዶክተርዬ፣ ይቺ ለድመቴ ናት?» ብላ አስቃበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በማንኪያ ይሰፍራል። በዚያች ማንኪያ ሠላሳ ዓመት ሲያክም ኖሯል።

ስለዚህ ሌላ እጅ ጨምሮበታል።

የሟቹ ሚስት ኬዚያ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ከእናቷ ማኅፀን የተቀበላት ታርፕ ነው። ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴት ካላለቀሰች ምስክር የላትም።

«ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋ ነበር፣» አለች። «ደኅና እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ። ጎህ ሲቀድ ዝም አለ።»

ሲላስ ዶክተሩን በክርኑ ነካ አድርጎ በመስኮቱ አሳየው። ከግድግዳው ሥር አዲስ የተቆፈረ መሬት አለ። «ምን ቀበረች? እሱን ይጠይቁልኝ። የእናቴ ቤት ለእሷ ሊቀር፣ እኔ በራፍ ላይ ልቆም! ፖሊሱን ጠርቼዋለሁ፤ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው የቀረው።»

ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል ታርፕ ያውቃል። «መርዝ» ካለ መጨረሻው ገመድ ነው።

«እስቲ ውጭ ቆየኝ፣» አለው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «ጠርሙሱን ለምን አጠብሽው?»

«ባዶውን አጥባችሁ መልሱ የሚሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እናቴም ስታጥብልዎ ነው የኖረችው።»

እውነቷን ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ አጥቦ ይመልሳል። ጥርጣሬ ግን በአንድ መልስ አይለቅም።

«መስኮቱ ሥርስ ምን ነበር?»

«ፖፒ።»

«ታዲያ ቀቅለሽ አጠጣሽው?»

«በዚህ ቤት?» ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ። «ከአምናው አጨዳ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልተቀቀለችም። ሩበን እኮ ኦፒየም ላይነካ በጸሎት ቤቱ ቃል ገብቷል። እዚያ አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ስንት ሌሊት ይዤው አድሬያለሁ! ለጎረቤት ንዳድ ነው አልኩ። እነ ሲላስ ‹ሩበን ጡት ጣለ› ብለው እንዳይስቁበት ፈራ። አበባው ዘንድሮ ሳይዘራ ሲበቅል፣ ‹ከነሥሩ ንቀይልኝ፣ በመስኮት እያየሁት አልችልም› አለኝ። በገዛ እጄ ቆፈርኩት።»

«ለእኔ እንኳ አትነግሩኝም ነበር?»

«እርስዎ መች ጠየቁን? የሳል መድኃኒት ብለው ሰጡን፤ የሳል መድኃኒት መሰለን።»

ዶክተር ታርፕ ውሸቷን በሆነ ብሎ ተመኘ። በፊቷ ላይ ውሸት ፈለገ፣ አጣ። ወደ አልጋው ተመለሰ። ያ የረግረጉ ሰዎች ሁሉ ቢጫ ገጽታ ከሩበን ፊት ላይ ጠፍቷል፤ ጉንጩም ሞልቷል። ከትናንት በስቲያም ይህንኑ አይቶ ነበር። አምሮበታል ብሎ አልፎ ነበር። ኦፒየም የተወ ገላ ግን የዱሮውን መጠን አይሸከምም። ያን ቀን ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀዋለች፣ ፈረሱ ተጭኗል፣ እጁም ሳያስብ መድኃኒቱን ይቀዳል። «ማንኪያ ሙሉ ስጪው፤ ካልተኛ ድገሚለት» ብሏት ነበር።

«ደገምሽለት?» አላት። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«እንዳሉኝ።»

ኬዚያ ጠርሙሱን አነሳች፤ በሽርጧ ወልውላ ዘረጋችለት። «ይውሰዱት እንጂ። ለሌላ በሽተኛ ይሆናል።»

ተቀበላት። ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሲላስ ገባ፤ ከኋላው ፖሊሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆመ።

«እንግዲህ ዶክተር፣» አለ ሲላስ፣ «እኛ ማይም ነን፤ እርስዎ ያሉትን ነው የምንይዘው። በምን ሞተ?»

ታርፕ ቀና ሲል ዓይኑ ከኬዚያ ዓይን ጋር ገጠመ። ከጠዋት ጀምሮ እሱ እሷን ባየበት ዓይን፣ አሁን እሷ እሱን ታየው ነበር።

ቦርሳው እግሩ ሥር እንደተከፈተ ነው። ጠርሙሱን አልከተተውም። ጠረጴዛው ላይ፣ በእሱና በፖሊሱ መካከል አቆመው።

«ግቡ፣» አለ። «በሩንም ዝጉት።»