ያልታረሙት ደብተሮች

በእግር ኳስ ተጫዋችነቱ ዘመን «መድፉ» ይሉት ነበር። ጉልበቱ ከድቶት ከሜዳ ሲወጣ የሒሳብ መምህርና የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ሆነ፤ መድፍነቱም ወደ አፉ ተዛወረ። ደግነቱ ጩኸቱን ከቁም ነገር የሚቆጥር ተማሪ አልነበረም። ልጆቹ ይወዱታል፤ እሱም ይሞትላቸዋል።

አንዲት የማትታጠፍ ሕግ ነበረችው። ከጨዋታ በፊት እያንዳንዷ ተጫዋች የቤት ሥራዋን ታሳየዋለች፤ ያልሠራች ማልያ አይሰጣትም። አንድ ጊዜ ግብ ጠባቂዋን እንኳ አስቀምጦ ስድስት ለባዶ ተሸንፎ መጥቷል። ርዕሰ መምህርቷ ያን ዕለት ያሉትን አለመናገር ይሻላል።

የፍጻሜው ጨዋታ ቀን ማልያዎቹን አቅፎ እንደ ልማዱ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። በአሰልጣኝነት ዘመኑ ለፍጻሜ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ከደስታው የተነሳ ቁርስ አልወረደለትም።

«ደብተር!» አለ።

አምበሏ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቲቸር፣ ደብተሮቹ እኮ እርስዎ ጋ ናቸው። ከሰበሰቧቸው አሥራ አንድ ቀን ሆናቸው።»

ክው አለ። ለፍጻሜው ሽር ጉድ ሲል አሥራ ስምንት ደብተር መሳቢያው ውስጥ ረስቷል።

«ታዲያ የቤት ሥራውን ያልሠራ ምን ይሆናል?» አለች አምበሏ። ከኋላዋ አንዷ ሳቋ አመለጣት።

ቀልዷን ነበር፤ ይህን እሱም ያውቃል። «ነገ አርማለሁ» ቢል ስቀው ያልፉት ነበር። ግን ስንቷን ልጅ ከዚሁ በር አስለቅሶ መልሷል? ማልያዎቹን ለአምበሏ አስታቀፋትና፣ ቡድኑን ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እንኳ ለማታውቀው ለኬሚስትሪ መምህርቷ አደራ ብሎ ወደ መምህራን ክፍል አመራ።

«ኧረ ቲቸር፣ ስቀልድ ነው!» ስትል አምበሏ ተከተለችው።

«እኔ አልቀለድኩም። ሂጂ፣ አሟሙቂ።»

ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀመጠ። መስኮቱ ወደ ሜዳው አይከፈትም፤ ጩኸቱ ግን ይገባል። አግብተው ይሁን ገብቶባቸው ሳያውቅ ልቡ ተሰቀለ። ሁሉንም ዝም ብሎ ራይት እያደረገ ሊሮጥ ቃጥቶት ነበር። ግን አራተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ስሕተት አየ፤ በሁለተኛው ደብተር ያው፣ በሦስተኛውም ያው። ተኮራርጀዋል ብሎ ሊቆጣ ሲል የክፍል ማስታወሻቸውን ገለጠ። ለካ ሰሌዳው ላይ የመቀነስን ምልክት በመደመር ለውጦ የጻፈው ራሱ ነው! ትክክለኛውን አሠራር በየደብተሩ ጻፈ፤ አሥራ ስምንት ጊዜ።

ጨርሶ እያነከሰ ሲደርስ ሌላው ቡድን ዋንጫ ይዞ ይጨፍራል። ሁለት ለአንድ ተሸንፈዋል። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘርረዋል፤ የኬሚስትሪ መምህርቷ ከሁሉም ብሳ ታለቅሳለች። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቀን አንዲት ኳስ ሳያይባት አለፈች።

አምበሏ ቀና ብላ ያቀፈውን የደብተር ክምር አየች።

«ቲቸር፣ ስንት አገኘሁ?»

ደብተሯን ከክምሩ መዘዘ። «ዘጠኝ ከአሥር። አንዷን ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አሥር ነዋ!»

«አሥር ነው፣ ልጄ» አለና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ውጤቷን አስተካከለላት። የቀሩት አሥራ ሰባቱም እንባቸውን እየጠረጉ ተሰለፉ።